የአንድ ሰዓት መንገደኞች

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሐር ባሉ ካፌዎች ተቀምጠው የአገሪቱን ስፋት ለክተው የጨረሱ ሊቃውንት አሉን። እስካሁን ሜዳሊያ ያልተሸለሙት በምቀኝነት መሆን አለበት። ባሕር ዳር ስንት ይርቃል? «አንድ ሰዓት ነው።» ድሬዳዋስ? «እሱም ያው አንድ ሰዓት ነው።» ቀያሽ የለ፣ ካርታ የለ፤ ማኪያቶ ብቻ።

መቼም የሚቆጥሩት የአውሮፕላኑን ሰዓት ነውና ሒሳባቸው ዳገትና ቁልቁለት አያውቅም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የሚሄደው ምስኪን ከ500 በላይ ይነዳል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ ደግሞ ዳገቱን ይገፋል። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ ሸለቆ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደልድለውታል።

በነገራችን ላይ ያ አንድ ሰዓት እንኳን በሙሉ የሰማይ አይደለም። በበረራ ሰሌዳ ላይ የሚሰፍረው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ያለው ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ስለሚችል፣ ከተነሣ እስከሚያርፍ በሙሉ ፍጥነቱ ቢከንፍ ግማሽ ሰዓት በበቃው ነበር። ይህን አደራ እንዳትነግሩብኝ፤ ነገ ባሕር ዳርን ግማሽ ሰዓት ያደርጉብናል።

ወደ ዋሽንግተንም ቢሆን አይሳሳቱም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን ጢም አድርጎ የሞላ ትልቅ አውሮፕላን ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ በርሮ ይገባል። ሊቃውንቱ ለመሄጃውም የመመለሻውን ሰዓት ይጠቅሳሉ። ከዚህ በላይ ቆጣቢነት ከየት ይመጣል!

ከሁሉም ያስደነቁኝ ግን በቅርቡ ያየኋቸው፣ ወደ ባሕር ዳር ሊበሩ የተሰናዱ ጎልማሳ ናቸው። ሻንጣቸው ከጠረጴዛው ሥር፣ መታወቂያቸው ከስኳር ዕቃው አጠገብ፣ ሁለተኛው ማኪያቶ ከፊታቸው። ሊያደርሳቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ! ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ብለዋል።»

«ለአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ልጠብቅ? እብድ አደረግኸኝ እንዴ?»

ይህን የሚመልስ ጠበቃ ካለ ይምጣ። ከብሔራዊ እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 330 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ካለቀ፣ ሰባቱ በአንድ ደቂቃ ከሩብ ያልቃሉ። እርሳቸውም ለመንገዱ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አልተዉለትም፤ እንዲያውም ሒሳብ ከከፈሉ በኋላ ጫማ አስጠርገዋል። መስቀል አደባባይ ላይ መኪኖች ተጠጋግተው መቆማቸው የመኪኖቹ ጥፋት ነው።

ቦሌ ሲደርሱ የመንገደኞች መዝገቡ ተዘግቷል። ጋሼ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ በመስታወቱ በኩል እያመለከቱ፣ «አውሮፕላኑ ይኸው ቆሞ ይታየኛል እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይታያል። በማግሥቱ በሌላ በረራ፣ የቅጣቱን ከፍለው፣ ባሕር ዳር ገቡ።

«መንገድ እንዴት ነበር?» ብለው ለጠየቋቸው ዘመዶች የሰጡትን መልስ የወንድማቸው ልጅ ነው የነገረኝ፤ «ኧረ ምን መንገድ አለው፣ አንድ ሰዓት እኮ ነው!»