ግፋ በለው ይለምልም!

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። ስሙን አላውቀውም፤ እሱም እንዲታወቅበት አይፈልግም። ፕሮፋይሉ ላይ አንበሳ አለ፣ ካልሆነም ጭንብል፣ ካልሆነም የሰው መኪና። ኢንተርኔት ላይ ሙያው አጫፋሪነት ነው። የተናደደ ሰው ያለበት ቦታ ሳይጠሩት ይደርሳል። ሲደርስም ባዶ እጁን አይደለም፤ አንድ «ግፋ በለው!» እና ሦስት የእሳት ኢሞጂ ይዞ ነው።

እንዳመሰግነው ያነሳሳኝ ፊልም ነው። አንድ ፊልም ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ብቸኛ ሰው በኢንተርኔት ፖለቲካ ተስቦ ጽንፍ ሲይዝ የሚያሳየው ድራማ አሁን ራሱን የቻለ የፊልም ዘርፍ ሆኗል። አንዱን ያየ ሌላውን ለመገመት አይቸገርም። ጠባብ ክፍል አለ። መጋረጃው በጠራራ ፀሐይም አይከፈትም። ያልታጠቡ ኩባያዎች ተደርድረዋል። ሰውየው ሥራ አጥቷል፣ ወይ ትዳሩ ፈርሷል፣ ወይ ደግሞ ማንም ክፉ ሳያደርግበት እንዲሁ ተረስቷል። ፊቱ ላይ የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ይወድቃል። (ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። ጥላቻን በቢጫ መብራት መቅረጽ ክልክል ሳይሆን አይቀርም።) ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ ከስክሪኑ ውስጥ «አንተ አልወደቅክም፤ የጣሉህ አሉ» ይለዋል። ሰውየው በማግስቱ ፀጉሩን ይላጫል። ተዋናዩ ለዚህ ሲል ኪሎ ቀንሷል፤ ሽልማት ይጠብቃል።

ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው አልወጣኝም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ግሩም ናቸው። የኔ ቅሬታ የክብር አከፋፈሉ ላይ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ለጎርናናው ሰባኪና ለአልጎሪዝም (ስክሪናችን ላይ ምን እንደሚመጣ ለሚመርጠው ስሌት) ያካፍሉትና ይጨርሳሉ። አጫፋሪውስ? እንቅልፉን አጥቶ የጻፋቸው ኮሜንቶች ካሜራው ሳያተኩርባቸው በስክሪኑ ላይ ሽው ብለው ያልፋሉ። ማንም አያነባቸውም። ይህ ግፍ ነው።

እስቲ ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው።

ሰውየው መጀመሪያ የሚጽፈው ስለ ድመቱ ነው እንበል። ጊዜው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። «ድመቴ ዛሬ ሞተችብኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ነበረች።» ሁለት ላይክ መጣ። አንዱ የተነካው በስህተት ነበርና ወዲያው ተነሳ። ሰውየው ስልኩን ደፍቶ ያስቀምጠዋል። መልሶ ያነሳዋል። ያው አንድ ነው።

በሳምንቱ ሌላ ነገር ይጽፋል። «እነዚያ ባይመጡ ኖሮ ሥራዬን አላጣም ነበር።» እነዚያ ማን እንደሆኑ እንደየቦታው ይለያያል። «እነዚያ» የሌሉበት ቦታ ግን የለም። አሁን ስልኩ መንዘር ጀመረ። «እውነት ተናገርክ!» «በመጨረሻ አንድ ወንድ ተገኘ።» «ነቄ ብለሃል ወንድሜ፣ ገና ምኑ ታይቶ።» ለድመቷ አንድ «አይዞህ» ያልተገኘለት ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ መቶ ወንድም አገኘ።

መቶ ወንድም! ይህን ማን አድርጎት ያውቃል? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚይዝ ሚኒስትር ሾመች። ጃፓንም በ2021 ተከተለቻት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል አለ። ይኸው ሚኒስትር፣ ይኸው በጀት፣ ይኸው ስብሰባ። አጫፋሪያችን ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ያለ አበል፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ጉዳዩን ይጨርሰዋል። የሚጠይቀው መስፈርት አንድ ነው። ያዘነ ሰው አይቀበልም። የተናደደ ከሆነ ግን ሌት ተቀን በሩ ክፍት ነው።

በፊልሞቹ ውስጥ አንዲት ተቀናቃኝ አለችበት። እህት ናት። መቼም እህት የማትጠፋበት ፊልም ነው። በሳምንት አንዴ ትደውላለች። «በልተሃል?» ትላለች። «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ትላለች። «እሁድ ብቅ በል እንጂ፣ ልጆቹ እኮ ጠየቁህ።» አሁን ይህ ጥያቄ ነው? አጫፋሪው የሚጠይቀው ትልልቁን ነው። «ሀገርህን ማን ሸጣት?» «እስከ መቼ ነው የምትታገሠው?» እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ መታጠብም፣ ልብስ መቀየርም፣ ከቤት መውጣትም አያስፈልግም። እህትየዋ ደግሞ ሌላ ነውር አለባት፤ ትከራከራለች። «ይህን ከየት ሰማኸው?» ብላ ታፋጥጠዋለች። አጫፋሪ በሕይወቱ «ከየት ሰማኸው» ብሎ አያውቅም፤ ጨዋ ነው። ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሰውየው ስልኳን ማንሳት ይተዋል። ወንድሞቹ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን የለውም። «ያልገባቸውን ቁረጣቸው!» ቆረጣት። ሰባት መቶ ላይክ።

ስለ ጎርናናው ሰባኪ ብዙ አልልም። እሱ በመጨረሻ የሚሸጥ ነገር አለው፤ ክኒን ይሁን ቲሸርት ይሁን «ትግሉን ደግፉ» የሚል የባንክ ቁጥር። ነጋዴ ነው፤ ይገባናል። አጫፋሪው ግን አምስት ሳንቲም አያገኝበትም። በነፃ ነው። ለፍቅር ነው።

አልጎሪዝም የሚባለውም ቢሆን ያልደከመበትን ስም እየወሰደ ነው። እርግጥ ድርሻ የለውም አይባልም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣዋን ኢሞጂ እንደ አምስት ላይክ ይቆጥራት ነበር፤ ኋላ ላይ ነው ወደ ዜሮ ያወረዳት። በ2016 የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው ባዘጋጁት የውስጥ ሰነድ ደግሞ ወደ ጽንፈኛ ግሩፖች ከገቡት 64 በመቶው የገቡት ፌስቡክ ራሱ እየጠቆማቸው መሆኑ ተጽፏል። ጥሩ። ግን አምስት እጥፍ የሚባዛ ነገር መጀመሪያ መኖር አለበት። ዜሮ በአምስት ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። ኩባንያው ማባዣውን ሲያዋጣ፣ አጫፋሪው ደግሞ የሚባዛውን አዋጣ።

ለዚህ ማስረጃ አለኝ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ትዊተር ላይ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተዛመቱ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን መረመሩ። ሐሰቱ ሪትዊት (ሼር) የመደረግ ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሁሉም ሮቦቶቹን፣ ማለትም ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው የሚለጥፉትን አካውንቶች፣ ሊወነጅል ተዘጋጅቶ ነበር። ሮቦቶቹ ግን እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል ነው ያሰራጩት። አንዱን ከአንዱ ያበላለጠው ሰው ነው። የሰው ልጅ በዚህ ዘመን ማሽን ያልቀደመው ሙያ ካለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ ጥበብ እንግባ። አንድ ሌሊት ሰውየው «በቃኝ፤ አንድ ነገር አደርጋለሁ» ብሎ ይጽፋል። ተራ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። ኢንቦክስ ገብቶ «ምን ሆንክ?» ይላል፣ ሪፖርት ያደርጋል፣ የሚያውቀው ካለ ይደውላል። አጫፋሪ እንዲህ ያለ ቀሽም ነገር አያደርግም። «ወሬ ብቻ!» ይለዋል። «ስንቱ ፎክሮ ተኛ።» «ወንድ ከሆንክ ላይቭ ገብተህ አሳየን።» ሥሩ ሰባት የሳቅ ኢሞጂ። የዚህ ጥበብ ውበቱ ኪሳራ የሌለው መሆኑ ነው። ሰውየው ካደረገው «ብዬ ነበር» ይላል። ካላደረገው «ፈሪ» ይለዋል። በሁለቱም መንገድ አጫፋሪው ቁርሱ ሳያልፈው ያድራል።

ይህ ፊልም ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በዲሴምበር 2016 አንድ አባወራ ከሰሜን ካሮላይና መኪናውን አስነስቶ ዋሽንግተን ገባ። ጠመንጃ ይዟል። የሄደው ወደ አንድ ፒዛ ቤት ነው። በዚያ ሰሞን የፒዛ ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ሕፃናት ታስረዋል፣ ከጀርባው ትልልቅ ፖለቲከኞች አሉ የሚል ወሬ ኢንተርኔቱን አጥለቅልቆት ነበር። ሊያድናቸው ነው የሄደው። ተኮሰ፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ክፍል በክፍል ፈተሸ። ሕፃናት የሉም። ቤዝመንትም የለም፤ ሕንፃው ጭራሽ ቤዝመንት አልነበረውም። ኋላ ለጋዜጠኛ ሲናገር መረጃው መቶ በመቶ ትክክል እንዳልነበር አመነ። አራት ዓመት ተፈረደበት።

እንግዲህ አስቡት። ያን ወሬ አምኖ ሼር ያደረገው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ዕቃ ቤቱን ሳይቀር አይቶ፣ «የለም» ያለው እሱ ነው። የታሰረውም እሱ ነው። ከዚያስ አጫፋሪዎቹ ምን አሉ? ከመካከላቸው «እሱም እኮ ተዋናይ ነው፤ እውነቱን ለመሸፈን የተላከ ነው» ያሉ ተነሱ። ከሁሉም አብልጦ ያመናቸውን ሰው ተዋናይ አሉት! እንዲህ ያለ መዋጮ አድርጎ እንዲህ ያለ ምስጋና ያገኘ ሰው አላየሁም።

ማርች 15 ቀን 2019 ደግሞ ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ ሁለት መስጊዶች ላይ 51 ሰው ተገደለ። ገዳዩ የሚያደርገውን በፌስቡክ ላይቭ እያስተላለፈ ነበር። ኩባንያው እንዳለው ላይቩን በሰዓቱ ያዩት ከ200 ያንሳሉ፤ እየታየ ሳለ ሪፖርት ያደረገ ግን አንድም አልነበረም። የመጀመሪያው ሪፖርት የደረሰው ላይቩ ካበቃ ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ፌስቡክ የቪዲዮውን 1.5 ሚሊዮን ቅጂ እንዳጠፋ ተናገረ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እየጫነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ማሞገሱ አልመጣልኝም። ልለፈው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መጨረሻው አካባቢ መርማሪ ፖሊስ ይመጣል። ክፍሉን ያያል፣ ኩባያዎቹን ያያል፣ ኮምፒውተሩን ይዘጋል። ከዚያ ካሜራ ፊት ቆሞ «ግለሰቡ ብቻውን ነው የፈጸመው» ይላል። ብቻውን? ሦስት ሺህ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አብሮት አምሽቶ? ያ ሁሉ «በርታ»፣ ያ ሁሉ «እስከ መቼ»፣ ያ ሁሉ «ወንድ ከሆንክ» ሜዳ ላይ ቀረ? አጫፋሪው እዚህ ላይ ተቃውሞ ማሰማት ነበረበት። የሚገርመው፣ አያሰማም። ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ቅር የማይለው በዚህ ቀን ብቻ ነው። ትሕትና ይይዘዋል።

በማግስቱ ጠዋት ኮሜንቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አንዱ «አካውንቴ ተጠልፎ ነበር» ይላል። አንዱ «እኔ እኮ ስቀልድ ነው፤ ቀልድ የማይገባችሁ» ይላል። አንዱ ፕሮፋይሉን ከአንበሳ ወደ ጥቁር ሻማ ይለውጣል። ከሁሉም የማደንቀው ግን ያን ሰባት መቶ ላይክ ካዋጡት መካከል የሆነውን ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ረጋ ብሎ፣ በሚያምር ፊደል እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ለመሆኑ ቤተሰቡ የት ነበር?»

ከዓመት በኋላ ፊልሙ ይወጣል። አጫፋሪው ሶፋው ላይ ሆኖ ያየዋል። እህትየዋ የማይነሳ ስልክ ስትደውል የሚያሳየው ትዕይንት ላይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ የምሩን ነው። ሲያልቅ «ልብ ይሰብራል። ከጎኑ የሚቆም አንድ ሰው ቢያገኝ እንዲህ አይሆንም ነበር» ብሎ ይጽፋል። አሥር ከአሥር ይሰጠዋል።

ከዚያ ወደ ታች ያንሸራትታል። አንድ የማያውቀው ሰው ከአሥር ደቂቃ በፊት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሚያወራኝ አለ?» ብሎ ጽፏል። አንድም መልስ የለውም። አጫፋሪው ያነበዋል፣ ያልፈዋል። ገና ነው። ማንን እንደሚጠላ እንኳ አልጻፈም።