ገላጋይ ሴሎቹን ማን ቀበራቸው?

መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የሕክምናው ኖቤል የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል እንዳያጠቃ በሚያበርዱ ሴሎች (እኔ ገላጋይ የምላቸው) ላይ ለሠሩ ሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ ለአሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል። ራምስዴል ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ተራራ ለተራራ ይንሸራሸር ስለነበር ኮሚቴው ቶሎ ሊያገኘው አልቻለም። ብራንኮው ደግሞ ከስዊድን ሲደወልላት የተለመደው የአጭበርባሪ ስልክ መስሏት ሳታነሳው ቀረች። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ በደንብም ተወርቷል። ከሽልማቱ በፊት የነበረው የሃያ ምናምን ዓመት ጉድ ግን ያን ያህል አልተወራለትም።

መጀመሪያ ስለ ሴሎቹ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸው ወራሪን ማጥቃት ነው። ከመካከላቸው የራሳችንን ቆሽት ወይም ታይሮይድ እንደ ባዕድ የሚያዩም አይጠፉም። አብዛኞቹ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል እጢ ውስጥ ሳሉ ይወገዳሉ። ሾልከው የሚያመልጡ ግን አሉ። እነሱን አደብ የሚያስገዛ ገላጋይ ያስፈልጋል፤ ገላጋዮቹም ራሳቸው ቲ ሴሎች ናቸው። ሲዲ4 ከተባለው ወገን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆኑ ነው።

እንዴት ይገላግላሉ? አጥቂ ቲ ሴል ለመባዛት ኢንተርሊውኪን-2 የተባለ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ገላጋዮቹ ይህን ንጥረ ነገር የሚይዘው ሲዲ25 የሚባል ተቀባይ በላያቸው በብዛት ስላለ ቀድመው ይጨርሱታል። በዚያ ላይ ዴንድሪቲክ ሴሎች (የወራሪውን ቁራጭ ይዘው ለቲ ሴሎች የሚያሳዩ ሕዋሳት) ለአጥቂዎቹ የሚያሳዩትን የ“ተነሱ” ምልክት ሲቲኤልኤ-4 በሚባል ፕሮቲን ይነጥቃሉ። ኢንተርሊውኪን-10ን የመሳሰሉ የሚያበርዱ መልእክቶችም ይለቃሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የየል ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ጌርሾን ለአይጦች የበግ ቀይ የደም ሴል አብዝቶ ሰጣቸው። አይጦቹ ለዚያ ደም ምላሽ መስጠት አቆሙ። ሴሎቻቸውን ወስዶ ለሌላ አይጥ ሲሰጥ ያም አይጥ ዝም አለ። የሚያበርድ ሴል አለ ማለት ነው። አፋኝ ቲ ሴል ተባለ።

ከዚያ ነገሩ ተጧጧፈ። አፋኙን የሚያስነሳ አፋኝ፣ አፋኙን መልሶ የሚያፍን ተቃራኒ አፋኝ፣ ምኑ ቅጡ። የነሱን ግንኙነት የሚያሳየውን ሥዕል ለመረዳት ብቻውን ዶክትሬት ሳያስፈልግ አይቀርም። የሴሎቹ መለያ ነው የተባለ አይ-ጄ የሚሉት ጂንም ነበር፤ ክሮሞሶሙ ላይ ቦታው ሳይቀር ተነግሮለታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲኤንኤን በቀጥታ ማንበብ ሲቻል ተመራማሪዎች ያንን ቦታ ፈተሹት። ጂኑ የለም! ጌርሾን በ1983 ሞተ። ከዚያ ወዲያ አፋኝ ቲ ሴል ላይ እሠራለሁ ማለት ራስን ማስገመት ሆነ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ጂኑ ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ አይጧ ዝም ማለቷ ግን ውሸት አልነበረም። መልሱን ሲቀብሩ ጥያቄውንም አብረው ቀበሩት።

ጥያቄው በሌላ በኩልም ፊታቸው ተቀምጦ ነበር። በ1969 ኒሺዙካና ሳካኩራ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ከሴት አይጦች ታይመሳቸውን አወጡ። የአይጦቹ የእንቁላል እጢ ተበላሸ። በሰባተኛው ቀን ሲያወጡት ግን ምንም አልሆነም። ታይመስ የአጥቂዎች መፍለቂያ ከሆነ፣ እሱን ማውጣት እንዴት ጥቃት ይጠራል? ወጣቱ ሳካጉቺ ይህችን ነገር አልለቅም አለ። ታይመስ ለወጣባቸው አይጦች ከጤነኛ አይጥ የወሰደውን ቲ ሴል ሲሰጥ ከበሽታው ዳኑ። በ1995 ደግሞ ሲዲ25 ያላቸውን ሴሎች ለቅሞ አውጥቶ የቀሩትን ብቻ ታይመስ ለሌላቸው አይጦች ሰጠ። ታይሮይዳቸውም ጨጓራቸውም ተጠቃ። የተለቀሙትን ሲመልስላቸው በሽታው ቀረ።

ሽልማቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሳካጉቺን ጽናት አወደሰ። ይገባዋል። ግን የምርምር ዘርፉን ከተቀበረበት የመለሰው ጽናት ብቻ አይመስለኝም። ተጠራጣሪ ሁሉ በገዛ ላብራቶሪው ለቅሞ የሚያረጋግጠው ምልክት ስለተገኘ ነው። በአይ-ጄ ላይ “አሳዩን” ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ጀርባ መስጠታቸው ነው።

ማኅተሙን የመታው ሌላ አይጥ ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ኦክ ሪጅ ላይ የጨረር ጉዳት በሚጠናበት ቦታ ቆዳቸው የሚቀረፈፍ፣ በጥቂት ሳምንት የሚሞቱ ወንድ አይጦች ተወለዱ። ብራንኮውና ራምስዴል የጥፋቱን ቦታ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ እያጠበቡ ሄደው 20 ጂኖች ቀሯቸው። አንድ በአንድ ሲያዩ ችግሩ ሃያኛው፣ የመጨረሻው ላይ ተገኘ። ፎክስፒ3 አሉት። በ2001 ያው ጂን ሲበላሽ ወንድ ሕፃናት ላይ አይፔክስ የተባለ ከባድ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ፤ ተቅማጥ፣ የቆዳ ቁጣ፣ ገና በጨቅላነት የሚጀምር የስኳር ሕመም። በ2003 ገላጋይ ሴሎቹን ገላጋይ የሚያደርጋቸው ይኸው ጂን መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ጂን የተገኘው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ዋሽንግተን ግዛት በነበረ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ መሆኑ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ ገበያው ሁሉ “ኢሚዩኒቲ የሚጨምር” ነው። መጨመሩ ሁልጊዜ ጥሩ እንዳልሆነ የአይፔክስ ሕፃናት ያሳያሉ። መብረዱም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ካንሰር ገላጋዮቹን ወደ ራሱ ሰብስቦ ከጥቃት ይከለልባቸዋል። የአንጀት ትልም ሆድ ውስጥ ዓመታት ተደላድሎ የሚኖረው በከፊል እነሱን ከጎኑ እያሰለፈ እንደሆነ ይታመናል። ጅማ ላይ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ የአስም ዓይነት ሲርሲርታ አነስ ብሎ አግኝቷል። እሰየው ከማለታችን በፊት ግን፣ እዚሁ ኢትዮጵያ በተሠራ ሌላ ጥናት የትል መድኃኒት ወስደው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሆነውን ቢሲጂ የተከተቡ ሰዎች ካልወሰዱት የተሻለ ምላሽ ሰጥተዋል።

ስለዚህ አዲስ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እዚህ አገር ሲሞከር፣ ከተሳታፊው ደም ጋር ሰገራውም ይመርመር፤ ውጤቱም ትል ላለባቸውና ለሌለባቸው ተለይቶ ይቅረብ። የሰገራ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ያለ ነገር ነው። የጥናቱ ዕቅድ ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ነው።