«በአንድ ሌሊት ተባረሩ» ግማሽ እውነት ነው
መንግሥት እርሻቸውን የወሰደባቸው የዚምባብዌ ነጭ ገበሬዎች የጻፏቸው የትዝታ መጻሕፍት «በአንድ ሌሊት መባረርን» ይመሰክራሉ የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. መሬቱን የያዙ ሰዎች በራቸው ላይ ከበሮ ሲመቱባቸው ያደሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በወረቀት ግን መጀመሪያ መንግሥት መሬቱን ሊወስድ እንዳሰበ የሚገልጽ የመሬት ሕጉ «አንቀጽ 5» ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ መሬቱን የሚወስድበት የ«አንቀጽ 8» ትእዛዝ ይመጣ ነበር። በ2002ቱ የሕጉ ማሻሻያ ትእዛዙ የደረሰው ገበሬ በ45 ቀን እርሻውን ያቆም፣ በሌላ 45 ቀን ቤቱን ይለቅ ነበር። የሚያመርቱት ትንባሆ ግን ይህን የቀን ገደብ አያውቅም፦ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ በየተራው እየበሰለ ለሳምንታት ይለቀማል፣ ማድረቂያው ውስጥም አንዱ ዙር ሳምንት ያህል እሳት ይፈልጋል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ቅጠሉ ይበላሻል። «ካሳ አግኝተዋል» ለሚሉም፦ መንግሥት ከገበሬዎቹ ጋር ያደረገው የ3.5 ቢሊዮን ዶላር የካሳ ስምምነት የተፈረመው በ2020 ነው፤ ያውም ለመሬቱ ሳይሆን ለቤት፣ ለግድብና ለመሳሰለው ግንባታ።