ኒጀር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ከኢኮዋስ መውጣት ነበረባቸውን? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ

ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 የኒጀር፣ የማሊና የቡርኪና ፋሶ ወታደራዊ መንግሥታት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ኢኮዋስ ተብሎ ከሚጠራው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ መውጣታቸውን አስታወቁ። በመግለጫው ላይ ማኅበሩ ከመሥራቾቹ ዓላማ ርቆ በውጭ ኃይሎች ተጽዕኖ ሥር እንደወደቀ፣ ከሽብር ጋር በሚደረገው ጦርነት እንዳልረዳቸውና ኢሰብዓዊ ማዕቀብ እንደጣለባቸው ከስሰዋል። መውጣቱ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በይፋ ጸና። ከዚህ በታች ሁለት ጸሐፊዎች የውሳኔውን ተገቢነት ይከራከሩበታል፤ የኒጀር ጉዳይ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ ይነሣል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

መግለጫው የወጣው በጃንዋሪ ቢሆንም ነገሩ የተቆረጠው ከስድስት ወር በፊት ነው። ጁላይ 26 ቀን 2023 በጄኔራል አብዱራህማን ቲያኒ የሚመራው የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ኃይል ፕሬዚዳንት መሐመድ ባዙምን ከሥልጣን ባወረደ በአራተኛው ቀን፣ አቡጃ ላይ የተሰበሰቡት የኢኮዋስ መሪዎች ከኒጀር ጋር የሚያዋስኗቸው ድንበሮች እንዲዘጉ፣ የንግድና የገንዘብ ልውውጥ እንዲቋረጥ፣ የኒጀር መንግሥት በቀጣናው ማዕከላዊ ባንክ ያለው ገንዘብ እንዲታገድ ወሰኑ፤ ባዙም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ መንበራቸው ካልተመለሱም የጦር ኃይል እስከ መጠቀም ሊደርሱ እንደሚችሉ አስጠነቀቁ። ናይጄሪያም ለኒጀር የምትሸጠውን የኤሌክትሪክ ኃይል አቋረጠች። ኒጀር ከምትጠቀመው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ ከዚያ የሚመጣ ስለነበረ፣ ኒያሜና ሌሎች ከተሞች ለረጅም ሰዓታት መብራት እያጡ ከረሙ።

መፈንቅለ መንግሥት እንዲወገዝ የማኅበሩ ሕግ ያዛል፤ በ2001 የተፈረመው የዴሞክራሲና የመልካም አስተዳደር ፕሮቶኮል ሥልጣን በሕገ መንግሥታዊ መንገድ ብቻ እንዲያዝ ይደነግጋል። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ቅጣቱ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ ነው። ጄኔራሎች መብራት ቢጠፋባቸው ጄኔሬተር አያጡም፤ ድንበር ቢዘጋባቸውም ማዕዳቸው አይጎድልም። በቤኒን በኩል ድንበር ላይ ተደርድረው ለሳምንታት የቆሙት የጭነት መኪኖች የያዙት ግን ተራው ሰው የሚበላውን እህልና የሚታከምበትን መድኃኒት ነበር። ሕግ ተጣሰ ተብሎ የተቀጣው ሕጉን የጣሰው ሳይሆን፣ ባዙም ሲወርዱም ሆነ ድንበሩ ሲዘጋ ማንም ያላማከረው ሕዝብ ነው።

በዚህ ላይ የማኅበሩ ሚዛን ለሁሉም እኩል አይመዝንም። በ2015 አክራ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ፕሬዚዳንቶች ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳይቆዩ የሚያግድ ሐሳብ ቀርቦ፣ ቶጎና ጋምቢያ ስለተቃወሙት ሳይጸድቅ ቀረ። በ2020 የጊኒው አልፋ ኮንዴና የኮትዲቯሩ አላሳን ዋታራ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት የቀደመውን የሥልጣን ዘመን ቆጠራ ይሰርዛል እያሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ድንበር አልተዘጋም፣ ባንክም አልታገደም። ሕገ መንግሥትን በጠመንጃ መጣስ የሚያስቀጣ፣ በብዕር መጣስ ግን የእንኳን ደስ አለዎ መልእክት የሚያስገኝ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ዴሞክራሲ ነው ወይስ በሥልጣን ላይ ያለው መሪ?

ስለ ጸጥታውም እንዲሁ ነው። ሰሜን ማሊን ከ2012 ጀምሮ ያናወጠው የታጣቂዎች ጦርነት ወደ ቡርኪና ፋሶና ወደ ኒጀር ሲዛመት፣ ኢኮዋስ በ2019 ዋጋዱጉ ላይ ለፀረ ሽብር ትግል 1 ቢሊዮን ዶላር ለማዋል ቃል ከመግባት ያለፈ የሚጨበጥ ነገር አላሳየም። ባዙም ሲወርዱ ግን በአንድ ሳምንት ለመዝመት ዝግጁ ነኝ አለ። ሦስቱ አገሮች ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 የሊፕታኮ ጉርማን ቻርተር ፈርመው አንዱ ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት መማማላቸው የዚህ ውጤት ነው፤ ሊወርረው ከሚዝት ማኅበር ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጥ የሚገደድ መንግሥት የለም።

ተቃዋሚ

ማዕቀቡ ከባድ እንደነበረ አልክድም፤ የመብራቱን መቋረጥም ለመከላከል አልሞክርም። ይሁንና ማዕቀቡ የመውጣቱ ምክንያት ነው የሚለው ክርክር ከነገሩ የቀን ቅደም ተከተል ጋር አይስማማም። በ1993 የተሻሻለው የማኅበሩ ውል በ91ኛው አንቀጽ፣ መውጣት የሚፈልግ አባል የአንድ ዓመት የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥና በዚያ ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ማኅበሩ በኒጀር ላይ ከጣለው ማዕቀብ ዋና ዋናውን ያነሣው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024፣ የመውጣቱ መግለጫ ከተሰማ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። በማሊ ላይ በጃንዋሪ 2022 የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ተነሥቷል። ቡርኪና ፋሶ ከስብሰባ ታገደች እንጂ እንዲህ ያለ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ከቶ አልተጣለባትም። ታዲያ ቁስሉ ማዕቀቡ ከሆነ፣ አንዷ ያልቆሰለች፣ ሁለቱ ደግሞ ማዕቀቡ የተነሣላቸው አገሮች በቀሩት አሥራ አንድ ወራት ያልተመለሱት ስለምንድን ነው?

መልሱን ከመግለጫው በፊትና በኋላ የሆነው ይናገራል። ማሊ ለፌብሩዋሪ 2024 ቀጥራው የነበረውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ገና በሴፕቴምበር 2023 አራዘመች። የቡርኪና ፋሶ ወታደራዊ መንግሥት በሜይ 2024 የሽግግሩን ዘመን በ60 ወራት አስረዘመ። በኒያሜ ጄኔራል ቲያኒ ማርች 26 ቀን 2025 ለአምስት ዓመት የሽግግር ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በዚያው ቀን የፖለቲካ ፓርቲዎች በሙሉ እንዲፈርሱ ተደረገ። በኢኮዋስ ውስጥ መቆየት ማለት በየጉባኤው ምርጫው መቼ ነው የሚል ጥያቄ መስማት ነበር፤ የተሸሸው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። ጊኒን ተመልከቱ፦ በሴፕቴምበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባት፣ ታገደች፣ ነገር ግን አባልነቷን አልጣለችም።

ተከራካሪዬ ሕዝቡን ማን አማከረው ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ወደ ራሱ ወደ መውጣቱ እመልሰዋለሁ። በሦስቱም አገሮች ስለ መውጣቱ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም፤ በተመረጠ ምክር ቤትም አልተመከረበትም። የተወሰደው ደግሞ የመንግሥታት ክብር ብቻ ሳይሆን የግለሰቦች መብት ነው። በ1979 የተፈረመው የነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል የአንዱ አባል አገር ዜጋ በሌላው ውስጥ ያለ ቪዛ 90 ቀን እንዲቆይ የሚፈቅድ ሲሆን፣ በየደረጃው የመኖርና የመሥራት መብትንም ይጨምራል። ሦስቱ አገሮች በሴፋ ፍራንክ የሚገለገለው ስምንት አባላት ያሉት የገንዘብ ኅብረት አባልነታቸውን ስላልተዉ፣ ከሴኔጋል፣ ከኮትዲቯር፣ ከቶጎና ከቤኒን ጋር ያላቸው ትስስር በከፊል ይቆያል። ናይጄሪያና ጋና ግን በዚያ ኅብረት ውስጥ የሉም። ኒጀር ከናይጄሪያ ጋር የምትጋራው ድንበር ከ1,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው፤ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ አብዛኛው አንድ ቋንቋ፣ ሐውሳን የሚናገርና የሚጋባ ነው። የኒጀሯ የማራዲ ከተማ ነጋዴ ገበያው የናይጄሪያዋ ካኖ ናት።

የሁሉም መጨረሻ ያደረግኩት የፍርድ ቤቱን ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ጥቂት ሰው የሚያነሣው እርሱ በመሆኑ ነው። ከ2005 ጀምሮ የማኅበሩ ፍርድ ቤት፣ ሰብዓዊ መብቱ የተጣሰበት ግለሰብ የአገሩን ፍርድ ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሳይጨርስ በቀጥታ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ12 ዓመቷ ተሸጣ በባርነት የኖረች አንዲት ኒጀራዊት ሴት በዚህ በር ገብታ የገዛ መንግሥቷን ከሰሰች፤ ኦክቶበር 27 ቀን 2008 ፍርድ ቤቱ ኒጀር ከባርነት ሳትጠብቃት ቀርታለች ብሎ 10 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ይህን በር የዘጉት ጄኔራሎች እንዲህ ያለች ሴት ወደፊት ወዴት እንድትሄድ እንደሚፈልጉ አልነገሩንም።

ደጋፊ

ስለ ሕዝብ ምክር ከተነሣ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ኢኮዋስን በሜይ 1975 ሌጎስ ላይ ያቋቋሙት እነማን ነበሩ? ሐሳቡን ያራመዱት የናይጄሪያው ያኩቡ ጎዎንና የቶጎው ኛሲንግቤ ኤያዴማ ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ። ኒጀርን በዚያን ጊዜ የሚመሯት ሴይኒ ኩንቼ፣ ማሊን ሙሳ ትራኦሬ፣ የያኔዋን አፐር ቮልታ፣ የዛሬዋን ቡርኪና ፋሶ፣ ሳንጉሌ ላሚዛና ነበሩ፤ ሦስቱም በመፈንቅለ መንግሥት ወደ ሥልጣን የወጡ ናቸው። ወታደር ያለ ሕዝበ ውሳኔ ሲያስገባ ሕጋዊ፣ ወታደር ያለ ሕዝበ ውሳኔ ሲያስወጣ ሕገ ወጥ የሚሆንበትን ምክንያት ያስረዱኝ።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን ጥርስ የለውም። ዲሴምበር 15 ቀን 2023 ባዙም እንዲፈቱ ወሰነ፤ አልተፈቱም። የገንዘብ ኅብረቱ ፍርድ ቤትም በማርች 2022 ኅብረቱ በማሊ ላይ የወሰደው ቅጣት እንዲታገድ ካዘዘ በኋላ ማዕቀቡ እስከ ጁላይ ቆይቷል። መሪዎቹ ራሳቸው ለራሳቸው ፍርድ ቤቶች ትእዛዝ ደንታ ከሌላቸው፣ እርስዎ የሚያሞግሱት በር ከግድግዳ በምን ይለያል?

ስለ ድንበር የተናገሩት ግን የተጋነነ ነው። ሦስቱ አገሮች በዲሴምበር 2024 ለኢኮዋስ ዜጎች ያለ ቪዛ መግባትን ፈቅደዋል፤ ኢኮዋስም በበኩሉ መውጣቱ በጸናበት ዕለት የሦስቱ አገሮች ዜጎች ፓስፖርትና ዕቃ እስከ ሌላ ውሳኔ ድረስ እንደ ቀድሞው እንዲስተናገድ አባላቱን ጠይቋል። ሞሪታኒያ በ2000 ወጥታ በ2017 የተባባሪነት ስምምነት ፈርማለች። ከማኅበር ወጥቶ ጎረቤት ሆኖ መኖር በዚህ ቀጣና አዲስ ነገር አይደለም።

ተቃዋሚ

ልዩነቱ ከ1975 በኋላ በተጨመረው ላይ ነው። የመጀመሪያው ውል የመንግሥታት ውል ነበር። የ1979ኙ የመዘዋወር መብትና የ2005ቱ የክስ መብት ግን ለዜጋው የተሰጡ ናቸው፤ ወታደሮቹ ሲያስገቡት ያልነበረውን ነው ሲያስወጡት የነጠቁት። ፍርድ ቤቱ በመሪዎች ላይ ደካማ መሆኑ እውነት ነው፤ የ2008ቱ ካሳ ግን ተከፍሏል፤ አቅሙ በብዛት የሚታየውም እንደዚያች ሴት ባሉ፣ ከዙፋን ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ነው።

ያለ ቪዛ መግባቱ በመግለጫ የተሰጠ ነውና በመግለጫ ሊወሰድ ይችላል፤ ኢኮዋስ ያደረገውም እስከ ሌላ ውሳኔ የሚቆይ መልካም ፈቃድ ነው። በውል የተጻፈ መብት ያለው ሰው ይከራከርበታል፤ በመልካም ፈቃድ የሚያልፍ ሰው የድንበር ጠባቂውን ፊት ያያል። ሞሪታኒያም የሚመች ምሳሌ አይደለችም፤ የራሷ ባሕርና የራሷ ገንዘብ አላት። ሦስቱ አገሮች ወደብ የላቸውም፣ የሚገለገሉበትን ገንዘብም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይጋራሉ።

ደግሞም ድንበርን ማን ዘጋ የሚለው በ2023 አያበቃም። ኢኮዋስ ማዕቀቡን ካነሣ በኋላ ከቤኒን ጋር የሚያዋስነውን ድንበር ዘግታ የቆየችው ራሷ ኒጀር ናት፤ ምክንያቷ ጸጥታ ነው። በዚህ የተነሣ ከኮቶኑ ወደብ በአጭር መንገድ ይገባ የነበረው ዕቃ ከቶጎዋ ሎሜ ወደብ ተነሥቶ ታጣቂዎች በሚዘዋወሩባት በቡርኪና ፋሶ በኩል በወታደር እየታጀበ ይዞር ጀመር። የኒጀር ነዳጅ ወደ ባሕር የሚደርሰው በቤኒን ምድር በሚያልፍ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ቧንቧ ስለሆነ፣ በሜይ 2024 ቤኒን በአጸፋው የነዳጁን ጭነት አገደች። በማርች 2025 ደግሞ ሦስቱ አገሮች ከእነርሱ ውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የ0.5 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ማዕቀቡ ለሕዝብ ሸክም ስለሆነ ተቆጥተው የወጡ መንግሥታት ይህን ሸክም ማን እንደሚሸከመው ማስረዳት አለባቸው።

በሜይ 2025 ባማኮ ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ንግግር ተጀምሯል። በንግድና በጸጥታ ላይ አንድ ስምምነት መድረሱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ሁለቱም ይፈልጉታልና። የምጠይቀው በዚያ ስምምነት ውስጥ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲገባ ነው፦ የመኖርና የመሥራት መብት ሁለቱንም ወገን በሚያስር አንቀጽ እንዲጸና፣ የሦስቱ አገሮች ዜጎችም በማኅበሩ ፍርድ ቤት ክስ የማቅረብ መብታቸው እንዲቀጥል። የመጀመሪያውን ጄኔራሎቹ ይቀበሉት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ሲቀበሉ ግን አይታየኝም።