ለክቡር የሳሎኑ ሩተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሩተር
ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴሉ ላይ

ጉዳዩ፦ ፖርት 80 (የድረ ገጽ እንግዳ የሚገባበት በር) እንዲከፈትልኝ ለ4ኛ ጊዜ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ባትሪው በሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጽ ለእንግዳ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ጭኜ የትንሿን ልጄን የክርስትና ፎቶዎች ዱባይ ላለችው እህቴ ለማሳየት ላይ ታች ማለት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እርስዎ ግን በአረንጓዴ መብራቶችዎ ጠቀስ ጠቀስ ከማድረግ ያለፈ ምላሽ አልሰጡኝም።

ሥነ ሥርዓት አላጓደልኩም። ሆድዎ ላይ የተለጠፈውን ፓስወርድ በስልክ መብራት አንብቤ በውስጥ አድራሻዎ በ192.168.1.1 ገባሁ። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለውን ገጽ ፈልጌ፣ «በ80 የመጣውን እንግዳ ሁሉ 192.168.1.10 ላይ ወዳለው ላፕቶፕ ይምሩልኝ» ብዬ ሞላሁ። ሴቭ አልኩ። «ተሳክቷል» አሉኝ። ወዲያው በስልኬ ስሞክረው ከፈተ! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁ፤ ቡና ተፈላ። ለካስ ስልኬ የእርስዎኑ ዋይፋይ ይዟል፣ የጻፍኩትም የውስጡን አድራሻ ነው። ከጓዳ ወደ ሳሎን ገብቼ ከባሕር ማዶ የመጣሁ መስሎኝ ኖሯል። እህቴ ዘንድ ነጭ ገጽ ብቻ።

በማግስቱ መብራት ሄደ። ሲመጣ የቤቱን ሰው እንደ አዲስ ቆጥረው ቁጥር ሲያድሉ ላፕቶፑን 14 አደረጉት፤ 10 ቁጥር ለታላቁ ልጄ ታብሌት ደረሰ። እንግዳ ቢመጣ ኖሮ ካርቱን ወደሚያይ ታብሌት ሊመሩልኝ ነበር። እሺ፣ 10 ቁጥርን ለላፕቶፑ በቋሚነት አስያዝኩ። ያም ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ታግሼ አንቱ ስል የቆየሁት የውጭው በር ቁልፍ ያለዎት መስሎኝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ግን የእርስዎን የውጭ አድራሻ አየሁት፤ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የውስጥ አገልግሎት የተለየ ነው፤ ከኢንተርኔት መጥቶ የሚያንኳኳው የለም። 4.3 ቢሊዮን ገደማ የነበሩት የድሮዎቹ አይፒ አድራሻዎች ዋና ቋት እ.ኤ.አ. በ2011 ባዶውን ስለቀረ፣ አንድ የቤት ቁጥር ለስንትና ስንት አባወራ ይካፈላል።

ለካስ አንተም ተከራይ ነህ! ከዚህ መስመር ጀምሮ አንቱታው ይቅር፤ ደባል ለደባል ነን። ሦስት ሳምንት ሙሉ የግቢው ባለቤት መስለህ «ተሳክቷል» ስትለኝ ትንሽ አላፈርክም? የከፈትክልኝ የጓዳ በር ነው፤ የግቢው በር ቁልፍ እጅህ ገብቶ አያውቅም። አቅራቢው ዘንድ ደውዬ የራሴ የሆነ የውጭ አይፒ ብጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሩተሩን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁህ፤ አበራሁህ። ደስ አለህ?

ደግነቱ አንድ ድክመት አለብህ፤ የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አትጠይቅም። ስለዚህ የውጭ አድራሻ ያለው አንድ ትንሽ ሰርቨር (ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር) ተከራየሁ። ላፕቶፔ ራሱ ወደዚያ ይደውልና መስመሩን ሳይዘጋ ይቀመጣል፤ እንግዳው እዚያ ይመጣል፣ በተከፈተው መስመር ተከትሎ ይገባል። አንተ የምታየው የቤቱ ልጅ ወጥቶ መመለሱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገቡት ግን የማላውቃቸው ናቸው። ሰዓት ሳይሞላ የእንግዶች መዝገቡ (ሎጉ) የሌለኝን የዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) መግቢያ በሚያንኳኩ ሮቦቶች ተሞላ። (እዚህ ላይ ጉሮሮህን እንዳትጠርግ።) እህቴ ቅዳሜ ማታ ገባች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ እንባዋ መጣ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

«ታዲያ በቴሌግራም አትልክልኝም ነበር?» አለችኝ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ10 ቁጥር ላፕቶፕ፣ ቁጥሩን አጥብቆ እንዲይዝ
ለመብራት፣ ሲመጣ እንዲደርሰው