ይድረስ ለክቡር ድንገተኛ ፍሬን

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ዛሬ ጠዋት በእርስዎ ቸርነት የማላውቃቸው አዛውንት ጭን ላይ አርፌያለሁ።

አውቶቡሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሰከንድ 10 ሜትር መሆኑ ነው። እኔ 60 ኪሎ ነኝ። በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው ስንት ሰልፍ ያስቆመኝን፣ ማህተሙ ገና ያልደረቀውን ቅጽ ይዣለሁ። ቀዩ መብራት ከሩቅ ለሁላችንም ታይቷል። ለእርስዎ የታየዎት አፍንጫው ስር ስንደርስ ነው። እግሬ ከወለሉ ጋር ቆመ፤ ከወገቤ በላይ ያለሁት እኔ ጉዞዬን ቀጠልኩ። የገፋኝ የለም፤ የሚያስቆመኝ ነው ያጣሁት። በመጨረሻ ያስቆሙኝ አዛውንቱ ናቸው፤ በደረታቸውና በመነጽራቸው። «አይዞህ ልጄ፣ ተመቻችተህ ተቀመጥ» አሉኝ፣ ጭናቸው ላይ እንዳለሁ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ቅጹን ሳገኘው ሁለተኛ ማህተም አርፎበታል፤ የጫማ።

ረዳቱ ደግሞ «ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነዋ!» ይለኛል።

እንያዝ፤ ግን ስንት? የእኔ ሞመንተም፣ ማለትም ኪሎዬ በፍጥነቴ ሲባዛ፣ 60 ሲባዛ በ10፣ 600 ነበር። ዜሮ መግባቱ አይቀርም፣ በዚህ አልከራከርም። ክርክሬ በጊዜው ነው። 6 ሰከንድ ቢሰጡኝ፣ 600 ለ6 ሲካፈል፣ 100 ኒውተን ኃይል ይበቃኝ ነበር፤ 10 ኪሎ እንደማንጠልጠል፣ ክንዴ ይችለዋል። እርስዎ በ2 ሰከንድ ይጨረስ አሉ፤ 300 ኒውተን ሆነ። 30 ኪሎ በአንድ እጅ! የፊዚክሱ ሊቅ ኒውተን ይህን ሕግ ካሳተመ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፔዳሉ ዘንድ ግን አልደረሰም። ዘግይተው በመረገጥዎ ያተረፉልን 2 ሰከንድ ነው፤ እሱንም ቀዩ መብራት ስር ቆመን ጨረስነው።



እኔስ ተሳቀብኝ፣ ይሁን። ከኋላዬ ግን ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ የቆመች ሴት ነበረች። የልጁ ግንባር ብረቱን ሊመታ አንድ ጣት ቀርቶት ነው የተመለሰው። ጭን ይሰረጉዳል፣ ጊዜ ይሰጣል፤ ብረት አይሰጥም፣ በቅጽበት ነው የሚያስቆመው። ይሄ አያስቅም። ሹፌሩ በመስታወት አይቷል። አይቶ ማርሽ ቀየረ፣ ሄደ። ለሚቀጥለውም መብራት እንደዚያው ረገጠዎት።

ነገ ለአዲስ ቅጽ እመለሳለሁ። ብረቱን በሁለት እጄ ስለምይዝ፣ ቅጹን በጥርሴ ነው የማመጣው።

አክባሪዎ፣
ቆሞ ተሳፋሪ