ሶላሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ ውጡ

አሮጌ ቤት ያለው ሰው የመብራት ወይ የጋዝ ቢል ሲያስመርረው መጀመሪያ ሀሳቡ የሚሄደው አይን ውስጥ ወደሚገባ ነገር ነው፣ ወይ ሶላር ፓኔል፣ ወይ አዲስ መስኮት፣ ወይ ትልቅ ኤሲ። የሚሸጡትም ሰዎች ቤቱን ሳያዩ በስልክ ዋጋ ይነግሩታል፣ ስራቸው እቃ መሸጥ ነዋ፣ ቤቱ ሙቀቱን በየት በየት እንደሚያፈስ ፈልጎ ማግኘት የነሱ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አሮጌ ቤት ሲታደስ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው ቅደም ተከተሉ ስለሚበላሽ ነው። ውድ ማሽን ባልተዘጋ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲለፋ ይኖራል፣ ቢሉ የተባለውን ያህል አይወርድም፣ ከዛ ባለቤቱ "ይሄ ኤነርጂ ቁጠባ የሚሉት ነገር ዝም ብሎ ወሬ ነው" ብሎ ይተወዋል፣ ለጎረቤቱም እንደዛው ይነግረዋል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ወሬ አይደለም፣ በደንብ ይሰራል፣ ግን ከስሩ ሲጀመር ነው።

ስሩ ምንድነው ካላችሁ አየር ነው። በብርድ ጊዜ ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በአምፖል ቀዳዳ፣ በቧንቧና በሽቦ ማለፊያ፣ ወደ ኮርኒስ በሚያስወጣው ክዳን ዙሪያ፣ ግድግዳና ኮርኒስ በሚገናኙበት ስንጥቅ ሁሉ ያመልጣል፣ የሱ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ ስለማይቀር በታች በኩል በበር ስርና በወለሉ ሳንቃ መሃል ቀዝቃዛው ይገባል። ስለዚ እግሬን በረደኝ ብሎ በር ስር ጨርቅ የሚወትፍ ሰው ስራውን ግማሽ ብቻ ነው የሰራው፣ ንፋሱን እየሳበ የሚያስገባው ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ሞቃት ቦታ ኤሲ ባለበት ቤት ነገሩ ይገለበጣል፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ በታች ይፈሳል፣ ከላይ ደግሞ የጣሪያው ትኩሳት ይገባል። በሁለቱም በኩል ስታዩት ችግሩ ያለው ማንም ቀና ብሎ የማያየው ቦታ ነው።

ይሄን ደግሞ በግምት መስራት አያስፈልግም፣ መለኪያ አለው። በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠምና ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በ50 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) እንዲለይ ይደረጋል፣ ከዛ በሰዓት ውስጥ የቤቱ አየር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀየር ይቆጠራል። መጀመሪያ ጀርመን ዳርምሽታት ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ቀኖችና አመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሰራው ፓሲቭ ሃውስ የሚባለው፣ በጣም ትንሽ ኤነርጂ የሚበቃው ቤት አሰራር ለአዲስ ቤት የሚፈቅደው 0.6 ነው፣ ለታደሰ አሮጌ ቤት ደግሞ እስከ 1.0 ይፈቅዳል፣ ያልተነካ አሮጌ ቤት ግን ከ10 ቢበልጥ የሚገርም አይደለም። ማራገቢያው እየሰራ በቴርማል ካሜራ (ሙቀትና ቅዝቃዜን በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ካሜራ) ወይም በትንሽ ጭስ ብትዞሩ እያንዳንዱ ቀዳዳ ራሱን ያሳያል። ማሽኑን ማግኘት ያልቻለ ሰው ንፋስ በሚነፍስበት ቀን የሚጨስ ነገር ይዞ በሶኬቶች፣ በመስኮት ጠርዝና በኮርኒስ ዳር ቢዞር ብዙውን ያገኘዋል። የሚዘጋበት እቃም ርካሽ ነው፣ ሲሊኮን፣ ፎም፣ የበርና የመስኮት ላስቲክ፣ ለሰፊው ቀዳዳ ቁራጭ ቦርድ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን እሳት የማይበላው ነገር ብቻ።

ከዛ ቀጥሎ ነው ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት የሚያግደው ንጣፍ፣ የሚመጣው፣ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ። ኢንሱሌሽን የሚሰራው በውስጡ አየር አቁሞ ስለሚይዝ ነው፣ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። 10 ሴንቲሜትር ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የሚሰራ ጥጥ መሳይ ንጣፍ) ሙቀት በማገድ ብቻ ካያችሁት ወደ 2 ሜትር ከሚጠጋ የጡብ ግድግዳ ጋር ይስተካከላል፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። ግን ቀዳዳው ሳይዘጋ ከላዩ ቢነጠፍ አየሩ በመሃሉ እየነፈሰ ያልፋል፣ በንፋስ ቀን ሹራብ ብቻ ለብሶ እንደመውጣት ነው፣ ሹራቡ ወፍራም ነው ግን ከላይ ንፋስ የሚከለክል ጃኬት የለውም። ምንም ባልነበረበት ቦታ ትልቁን ስራ የሚሰሩት የመጀመሪያዎቹ 10 ሴንቲሜትር ናቸው፣ እየጨመራችሁ ስትሄዱ የሚገኘው ጥቅም እየቀነሰ ይመጣል፣ ስለዚ አንዱን ቦታ እጥፍ ድርብ ከማድረግ ያልተነካ ጥግ እንዳይቀር መጨነቅ ይሻላል። ሲነጠፍ እንዳይጨፈለቅ፣ እንዳይረጥብም፣ ያቆመው አየር ከሌለ ምንም አይሰራም።

ሙቀት የሚበዛበት ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጣሪያው ራሱ ሌላ ነገር ይሰጣል። ጸሀይ በሚመታ ከሰዓት በኋላ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ጣሪያ ከጥቁሩ በ28 ዲግሪ ገደማ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ያ ሁሉ ትኩሳት ወደ ቤት ሳይገባ ተመለሰ ማለት ነው። መስኮትም ላይ ከሆነ ጥላው ከውጪ መሆን አለበት፣ ጸሀይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃ መዝጋት ብዙ አይረዳም፣ ሙቀቱ ገብቷል በቃ።

መስኮት ካነሳን አይቀር፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ነጠላ መስታወት ደካማ ነው፣ ልክ ነው፣ ዘመናዊ ባለ ሁለት መስታወት የሚያሳልፈው ሙቀት የነጠላውን ሩብ ገደማ ነው። ግን መስኮት ከጣሪያና ከግድግዳ ጋር ሲተያይ ትንሽ ስፋት ነው ያለው፣ ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለዚ ገንዘቡን ለመመለስ ረጅም አመት ይፈጃል። ፍሬሙ ከበሰበሰ ይቀየር፣ ማንም አይከለክልም። ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነ ግን ላስቲክ ማሸግ፣ የተሰነጠቀውን መጠገን፣ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት መጨመር፣ ማታ ማታ ወፍራም መጋረጃ መዝጋት ይቀድማል። ጥሩ የድሮ እንጨት ነቅሎ ጥሎ ፕላስቲክ መግጠም ለቤቱም ነውር ይመስለኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ እርጥበት። የድሮ ድንጋይና ጡብ ግድግዳ ብዙ ጊዜ በኖራ ነው የተገነባውና የተለሰነው፣ ኖራ እርጥበት ይቀበልና መልሶ ይለቀዋል፣ ግድግዳው የቆመው እንደዛ እየረጠበና እየደረቀ ነው። አንድ ኮንትራክተር መጥቶ ላዩን በሲሚንቶ ለስኖ በፕላስቲክ ቀለም ከሸፈነው የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ከውስጥ በኩል ኢንሱሌሽን ሲለጠፍበት ደግሞ ግድግዳው የቤቱን ሙቀት ስለማያገኝ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ከቤት ውስጥ የሚመጣው እርጥብ አየር በትንሽ ክፍተት አልፎ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ እዛው ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ከልስኑ ጀርባ ማንም ሳያየው ሻጋታ ይይዛል፣ ግድግዳ ውስጥ የገባው የእንጨት ተሸካሚ ጫፉ መበስበስ ይጀምራል። ይሄ ሲታወቅ አመታት አልፈዋል፣ ስራውን የሰራው ሰውም የለም። ስለዚ ኢንሱሌሽን ከማሰብ በፊት አሸንዳው ይጠገን፣ ውሃው ከመሰረቱ እንዲርቅ ይደረግ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ይፈለግ። ድንጋይ ግድግዳ ላይ ደግሞ እርጥበት የሚያሳልፍ እቃ ይመረጥ፣ የእንጨት ፋይበርና የኖራ ልስን የመሳሰለው።

ሌላው ምንጭ ራሳችን ነን። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር ውሃ ወደ አየር ሊለቅ ይችላል። ድሮ ያ እርጥበት በየቀዳዳው ይወጣ ነበር፣ ቀዳዳውን ከዘጋን መውጫ መስራት አለብን፣ ምርጫ የለውም። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ላይ ወደ ውጪ የሚያወጣ ማራገቢያ (ወደ ኮርኒስ ውስጥ አይደለም፣ ይሄን ስህተት በየቤቱ ታገኙታላችሁ)፣ አቅም ካለ ደግሞ የሚወጣውን አየር ሙቀት ወስዶ ለሚገባው የሚሰጥ ሲስተም። ቤት ውስጥ ጋዝ፣ ከሰል ወይ እንጨት የሚነድ ከሆነ ነገሩ የህይወት ጉዳይ ነው፣ በተዘጋ ቤት ማራገቢያው አየር ሲስብ የጭስ ማውጫው ወደ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ደግሞ አይታይም አይሸትም። ከማሸጉ በፊት ይፈተሽ፣ መጠቆሚያ አላርምም ይሰቀል።

ስለ ጥንቃቄ ካነሳሁ አውስትራሊያ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። በ2009 መንግስት ለቤቶች ኮርኒስ ኢንሱሌሽን በነጻ ሊያስገባ ትልቅ ፕሮግራም ጀመረ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ ግን ስራው በጥድፊያ ተከፈተና ስልጠና የሌላቸው ልጆች ኮርኒስ ውስጥ ገቡ፣ አራት ወጣት ሰራተኞች ሞቱ፣ ሶስቱ በኤሌክትሪክ አንዱ በሙቀት። በ2010 የካቲት ፕሮግራሙ ተዘጋ፣ በ2014 ጉዳዩን ያጣራ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ግሬንፌል ታወር የሚባለው ረጅም የመኖሪያ ህንጻ በ2016 እድሳቱ አልቆ ነበር፣ ህንጻው እንዲሞቅም እንዲያምርም ተብሎ ከውጪ በተለበጠው ሽፋን ውስጥ የሚነድ ፕላስቲክ ነበረበት፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 እሳቱ በዛ ላይ ወጥቶ 72 ሰው ሞተ። እነዚህን የማነሳው ሰው እንዲፈራ አይደለም፣ ኢንሱሌሽን የእጅ ስራ ነው፣ እንደ ኤሌክትሪክ ስራ እውቀት ይጠይቃል፣ ርካሽ የቀን ስራ አድርጎ ማየት ይቅር ለማለት ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ እቃ) ሊኖር ይችላል፣ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ የነተበ ሽቦ በኢንሱሌሽን ተሸፍኖ ሊግል ይችላል፣ ሳይፈተሽ መቆፈርም መፋቅም አያስፈልግም።

ማሽኑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥሩ ሂት ፓምፕ (ከውጪ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን) በአንድ አሃድ ኤሌክትሪክ ወደ ሶስት አሃድ ሙቀት ይሰጣል፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለሚያፈስ ቤት የተመረጠ መጠን ቤቱ ሲዘጋ ትልቅ ይሆንበታል፣ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ይሰራል፣ ኤሲ ከሆነ ደግሞ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ሳያወጣ ይቆማል። ሶላሩም ያው ነው፣ ቤቱ የሚፈልገው ሲቀንስ የሚገዛው ፓኔል ይቀንሳል። አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ሁሉንም ባንዴ መስራት ግዴታ አይደለም፣ ጣሪያ ሲቀየር ያኔ ኢንሱሌሽኑ ይግባ፣ ውጪው ለቀለም መወጣጫ ሲቆምለት ያኔ ግድግዳው ይታይ፣ ምክንያቱም ከወጪው ብዙው መወጣጫውና ጉልበቱ ነው፣ ያ ደግሞ ለማንኛውም ይከፈላል።

እዚ ላይ ድጎማና ብድር የሚሰጡትን አካላት መውቀስ እፈልጋለሁ። የአውሮፓ ህብረት ውስጥ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኤነርጂ 40 በመቶ ገደማ የሚሄደው ወደ ህንጻዎች ነው፣ ኤነርጂ ለመቆጠብ የሚታደሰው ግን በአመት ከህንጻዎቹ 1 በመቶ ገደማ ነው፣ በዚህ አካሄድ መቶ አመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ታዲያ ያለችው ትንሽ ገንዘብ ለምን እቃ ብቻ ተቆጥሮ ይከፈልባታል? ስንት ፓኔል ተሰቀለ፣ ስንት ማሽን ተገጠመ ይባላል፣ ቤቱ ምን ሆነ ብሎ የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ነገር ሁሉም ሰው "በስንት አመት ይመልሳል?" ብቻ ብሎ መጠየቁ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ የተሰራና በ2007 በብሪታንያ የህክምና መጽሄት የወጣ ጥናት አለ፣ 1,350 ቤተሰብ ውስጥ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ የመተንፈሻ ችግር ያለበት ሰው ባለበት፣ ለግማሹ ቀድሞ ኢንሱሌሽን ገባለት። በክረምት መኝታ ቤቱ የጨመረው ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ነው፣ ትንሽ ደረቅም ሆነ፣ የተጠቀሙት ኤነርጂ ካልተሰራላቸው ጋር ሲነጻጸር 81 በመቶ ነበር። ግን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ቀን ቀነሰ፣ አዋቂዎቹም ከስራ የሚቀሩበት ቀነሰ፣ የደረት ሲርሲርታው ቀነሰ። ይሄ በየትኛው የቢል ስሌት ውስጥ ይገባል? የአለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ቀዝቃዛ ወቅት ባለባቸው ሀገሮች ቤት ውስጥ ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል፣ ድሃ ቤተሰብ ግን ማሞቂያውን አጥፍቶ ከዛ በታች ይኖራል። እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ ቢሉ ላይወርድ ይችላል፣ ሰዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞቅ ስለጀመሩ፣ እና አንዳንዱ ባለሙያ ይሄን "ቁጠባው ከሸፈ" ብሎ ይጽፈዋል። ለኔ አልከሸፈም፣ የታሰበው ይሄው ነው።

ከሁሉም የሚጎዳው ተከራይ ነው። ለእድሳቱ የሚከፍለው አከራዩ ነው፣ ቢሉን የሚከፍለው ተከራዩ ነው፣ ስለዚ አከራዩ ምንም የሚያነሳሳው ነገር የለም፣ ተከራዩም የሰው ጣሪያ መክፈት አይችልም። ይሄ በልመና አይፈታም፣ ህግ ነው የሚፈታው፣ ተሞክሯልም፦ ኒውዚላንድ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚከራይ ቤት መስራት በሚቻልበት ሁሉ የኮርኒስና የወለል ስር ኢንሱሌሽን እንዲኖረው አስገድዳለች፣ እንግሊዝና ዌልስ ከ2018 ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ በሚሰጠው የኤነርጂ ደረጃ ከኢ በታች የሆነ ቤት በአዲስ ውል እንዳይከራይ ከልክለዋል፣ የተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩም። ከዚህ በተጨማሪ በህዝብ ገንዘብ የሚታደስ ቤት ሁሉ ከስራው በፊትና ከስራው በኋላ በማራገቢያ ይለካ፣ የእርጥበቱ ሁኔታም ይታይ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሁለተኛው ቁጥር ከገባ በኋላ ይሁን፣ ሁለቱም ቁጥሮች ደግሞ የኪራይ ውሉ ላይ ይጻፉ፣ የሚገባው ሰው ሳይፈርም በፊት እንዲያያቸው።